የላፕቶፕ ሰዓት ሲዛነፍ፦ ቅጽበቱን ሳይሆን ስሙን ስለ ማረም



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ የመጡ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው አንሥተውልኛል፤ «ላፕቶፔ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል፤ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ነው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የላኳቸው ናቸው። መልሱ አጭር ነው፤ ላፕቶፑ አልተበላሸም። አሁንም አሜሪካ ያለ ስለሚመስለው በዚያ አገር ደንብ ይሠራል።

ደንቡ የብርሃን ቁጠባ ሰዓት ይባላል። ጀርመንና ኦስትሪያ ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1916 በጦርነት ጊዜ ጀመሩት፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ለንደን ላይ ረጅሙ ቀን ከ16 ሰዓት በላይ ሲሆን አጭሩ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሰዓትን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍቶ የማለዳውን ብርሃን ወደ ማታ ማሸጋገር ለእነርሱ ትርጉም አለው። በመንዝ ደጋ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ወደ 70 ደቂቃ ብቻ ነው። የሚቆጠብ ብርሃን ስለሌለን ሰዓታችን ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት እንደቀደመ ይኖራል።

ችግሩን ለመረዳት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ቅጽበቱንና የቅጽበቱን ስም። አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በግእዝ የባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ የሰው ጥላ በእግር ተለክቶ የቀኑን ሰዓት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይገኛል። ፀሐይዋ ያለችበት ቦታ አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ የምንሰጠው ቁጥር ግን ሌላ። ጥር ላይ እኛ «ከቀኑ 9 ሰዓት» ስንል ላፕቶፑ 15:00 ይላል፤ ለንደን 12:00፣ ዋሽንግተን ደግሞ ከጠዋቱ 7:00 ይላሉ። አራት ስም፣ አንድ ቅጽበት።

ኮምፒውተርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ለምሳሌ ሊኑክስ ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ባለፉ ሴኮንዶች ነው፤ ይህ ቅጽበቱ ነው። ስክሪኑ ላይ የምናነበው ቁጥር ግን ስሙ ነው፤ ስሙን የሚያወጣው ታይም ዞን የሚባለው ቅንብር ነው። የብርሃን ቁጠባ ደንብም የተጻፈው በዚሁ ዞን ውስጥ ነው።

አሁን ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈጠር እንመልከት። ከዋሽንግተን የመጣ ላፕቶፕ በጥር ወር ሲከፈት ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ ዞኑን ትቶ ቁጥሩን በእጁ 8 ሰዓት ወደፊት ይገፋዋል፤ በኢንተርኔት ተመልሶ እንዳይስተካከልም ራስ ሰር ማስተካከያውን ያጠፋዋል። ስክሪኑ ትክክል ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ቅጽበት ግን 8 ሰዓት ወደፊት ሄዷል። ከዚያም በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) የአሜሪካ ደንብ ሲደርስ ላፕቶፑ አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ በኅዳር የመጀመሪያ እሑዳቸው መልሶ ይቀንሳል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት ሲያልቅ ወይም መጋቢት ሲጠባ፣ ኋላም በጥቅምት ማብቂያ ገደማ ማለት ነው። ተማሪዬ «በዓመት ሁለት ጊዜ» ያለው ይህንኑ ነው።

የመዛነፉ መጠን ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። አንድ ሰዓት ከሆነ የብርሃን ቁጠባ ደንብ ያለበት ዞን ተመርጧል። 7 ወይም 8 ሰዓት ከሆነ ዞኑ የምሥራቅ አሜሪካ ነው፤ 10 ወይም 11 ከሆነ የምዕራቡ ዳርቻ። ልክ 6 ሰዓት ከሆነ አንድ ሰው የኢትዮጵያን አቆጣጠር በእጁ አስገብቷል። ልክ 3 ሰዓት ከሆነና በላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ካሉ፣ ሁለቱ በአንድ የውስጥ ሰዓት አልተስማሙም፤ ሊኑክስ የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ሲጽፍበት ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አገር ሰዓት ያነበዋል። በጠፋ ቁጥር ወደ ዓመታት በፊት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የውስጡን ሰዓት የምታስኬደው ትንሿ ክብ ባትሪ ደክማለች፤ በብዙ ማሽኖች ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ ባለሙያ ይቀይራታል።

የማረሚያው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አንደኛ፣ ሰዓቱን ሳትነኩ ዞኑን አርሙ። በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ የቀንና የሰዓት ገጹን ክፈቱ፤ ራስ ሰር የዞን መረጣው ከተሳሳተ አጥፉትና ናይሮቢ የሚለውን፣ 3 ሰዓት የሚቀድመውን ዞን ምረጡ። አዲስ አበባ በዚያ ዝርዝር በስሟ አትገኝም፤ ናይሮቢ ግን እንደኛው ሰዓቷን አታንቀሳቅስም። በሊኑክስ አዲስ አበባን በስሟ ታገኟታላችሁ። ሁለተኛ፣ ራስ ሰር የሰዓት ማስተካከያውን አብሩና ከኢንተርኔት ጋር አናብቡት። ኢንተርኔት ከሌለ፣ ዞኑ ከታረመ በኋላ ብቻ፣ ከስልካችሁ አይታችሁ በእጅ ሙሉት።

ዛሬ ትክክል የሚያሳይ ዞን ሁሉ ትክክል እንዳልሆነም አስተውሉ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2023 የብርሃን ቁጠባን መልሳ ስለጀመረች በሐምሌ ካይሮን የመረጠ ሰው ከእኛ ጋር እኩል ይሆናል፤ በኅዳር ግን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሞስኮም ዛሬ ከእኛ ጋር እኩል ብትሆንም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በአንድ ሰዓት ትቀድመን ነበር። የምንመርጠው የዛሬውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ደንቡንም ጭምር ነው።

«ስክሪኑ ትክክል ካሳየ ምን ቸገረን?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ሌሎች ማሽኖች የሚያነቡት ስሙን ሳይሆን ቅጽበቱን መሆኑ ነው። አስተማማኝ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የምስክር ወረቀት መነሻና ማብቂያ ጊዜ ስላለው፣ ሰዓቱ የተዛባ ላፕቶፕ ትክክለኛውን ገጽ ሊያግድ ይችላል። በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጡ የማረጋገጫ ቁጥሮችም ቅጽበቱ ከተዛባ መሣሪያ ሲወጡ ተቀባይነት አያገኙም። የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ በዓለም አቀፉ ሰዓት 23:59 ይዘጋል ከተባለ፣ ለእኛ ለማግስቱ አጥቢያ ከሌሊቱ 8:59 ነው። ያንን በተሳሳተ ላፕቶፕ የሚያሰላ ተማሪ የዓመት ድካሙን በአንድ ሰዓት ሊያጣ ይችላል።

ለተመራማሪዎችም ነገሩ ቀላል አይደለም። በጓሳ ሣር ምድር ላይ የሙቀት መጠን በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ሰዓቱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ከተያያዘበት ላፕቶፕ ነው። መዝገቡ በአጋማሹ በአንድ ሰዓት ቢዘል፣ የውርጩ ሰዓት ከሳተላይት መረጃው ጋር አይገጥምም፤ ስሕተቱም የተፈጥሮ ለውጥ መስሎ በጥናቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ዞኑን አረጋግጡ፤ በመስክ ማስታወሻችሁም ላይ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መዝግቡ።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ የራሳችንን አቆጣጠር ተዉ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ቀንን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለዚህች ምድር የተስማማ ነው፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለችና። «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለው አነጋገራችንም ቀኑን ያለ ጥርጥር ይለያል። ነገር ግን አቆጣጠራችን በአንደበታችንና በማስታወሻችን፣ ከፈለግንም ስሙን ብቻ በሚለውጥ መተግበሪያ ይኑር፤ ቅጽበቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ በመጎተት አይሁን። የተሳሳተው ስሙ ከሆነ ስሙን፣ ቅጽበቱ ከሆነ ቅጽበቱን እናርም፤ ከሁሉ አስቀድመን ግን የትኛው እንደተሳሳተ እንጠይቅ።