ባላጋራ እስከ ምን ድረስ ያስባል?

አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ከፈረንጆቹ የሚለይበት አንድ ደንብ ነበረው፤ ይኸውም ወረራ የሚባለው ነው። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንደኛው የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ንጉሡንም ፈረሱንም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ጀማሪ ስለ ራሱ ሰልፍ ብቻ ያስባል፤ የለመደ ግን የባላጋራውን እጅ እያየ ሰልፉን አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ባላጋራውም ይህንኑ አይቶ ያፈርሳል። ታዲያ ሰው «እርሱ የማስበውን ያውቃል፤ እኔም ማወቁን አውቃለሁ» እያለ የሚሄደው እስከ ስንት እርምጃ ነው?

ይህን የሚለካ ቀላል ጨዋታ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ0 እስከ 100 ካሉት አንዱን ቁጥር በስውር ይጽፋል፤ ከዚያም ለአማካዩ ሁለት ሦስተኛ የቀረበው ያሸንፋል። ሁሉም ያለ ሐሳብ ቢጽፉ አማካዩ 50 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አንድ እርምጃ ያሰበ 33፣ ሁለት ያሰበ 22፣ ሦስት ያሰበ 15 ይጽፋል፤ ሳያቋርጥ የቀጠለ 0 ላይ ይደርሳል። በሒሳብ መጨረሻው ይህ ነው፤ ይሁን እንጂ 0 የጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል! ሮዝማሪ ናጌል የተባሉት የኢኮኖሚክስ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከአንድ ወይም ከሁለት እርምጃ እንደማያልፉ አሳይተዋል። በ2005 ፖሊቲከን የተባለው የዴንማርክ ጋዜጣ 19,196 ሰዎችን ባጫወተ ጊዜ አሸናፊው ቁጥር 21.6 ሆነ። 0 የጻፈው ሰው ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ሌላውም እንደ እርሱ ያሰላል ብሎ ማመኑ ግን ጎዳው።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ወላጆቻችንን ባላስጨነቀ ነበር። የመንዝ ገበሬ ለፋሲካ በጉን ሲሸጥ የትኛው ገበያ እንደሚሻል ያስባል። ሁሉም ለዋዜማው ይነዳል ብሎ የጠረጠረ ቀደም ብሎ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይሸጣል። ጎረቤቶቹም እንዲሁ ከጠረጠሩ ግን በጉ በዚያው ቀን ይበረክትና ዋጋው ይወድቃል፤ በዋዜማው ደግሞ ይወደዳል። ዘመሮ ተከራይቶ የሚማር ልጅ የቤት ኪራይና ደብተር ከዚያ በግ ዋጋ ነው የሚወጣው። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ የገበሬው ሥራ ከሰንጠረዡ ይከብዳል፤ በወረራ የባላጋራ እጅ ፊት ለፊት ይታያልና። ዛሬ ብዙዎች ከመንዳታቸው በፊት በስልክ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ስልኩ የሚነግራቸው ግን የዛሬውን ዋጋ እንጂ በሚቀጥለው ገበያ ስንት ሰው በግ እንደሚነዳ አይደለም።