ቡና ጥላ ሥር ያለ መሣሪያ የት እንዳለ እንዴት ያውቃል?

በጌዴኦ ዞን፣ ገደብ ወረዳ፣ ወርቃ ላይ ቡና በኪሎ ብቻ የሚያልፍበት ዘመን እያበቃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ደንብ፣ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢገፋም፣ ወደዚያ የሚላክ ቡና የበቀለበት ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያው ይለካል፤ ለአነስተኛው አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይኑረው ተብሏል። ስድስተኛው አሃዝ መሬት ላይ ወደ 11 ሳንቲሜትር ነው፤ ስልክ ግን ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ይስታል። አሃዙ የወረቀት ጌጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው በሰዓት ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓታቸውን ይልካሉ፤ ስልኩ መልእክቱ የዘገየበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ሞገዱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ 300 ሜትር ስለሚጓዝ ትንሽ የሰዓት ዝንፈት ማሳውን ጎረቤት ግቢ ይከተዋል። አራተኛ ሳተላይት የሚያስፈልገውም የስልኩን ርካሽ ሰዓት ለማረም ነው። የጌዴኦ ማሳ ደግሞ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከመሐል እንሰት፣ ከሥር ቡና ነው። ውኃ ያዘለ ቅጠል ደካማውን ሞገድ ይውጠዋል፤ ነጥሮ ዞሮ የመጣው ደግሞ ርቀቱን ያስረዝማል።

አሁን እዚያው ማሳ ውስጥ የአፈር እርጥበት የሚለኩና በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሃምሳ ትንንሽ መሣሪያዎች ተተከሉ እንበል። ለሁሉም ጂፒኤስ መግጠም ገንዘብም ባትሪም ይጨርሳል። ስለዚህ የጥቂቶቹ ቦታ ብቻ በጥንቃቄ ይለካል፤ መልሕቅ ይሆናሉ። የቀሩት ከእነሱ ምን ያህል እንደሚርቁ ይገምታሉ።

ረከቦት ላይ ሦስት ሲኒ አስቀምጡና ከየሲኒው ክር ሳቡ፤ ሲኒዎቹ መልሕቆቹ፣ የክሩ ርዝመት ርቀቱ ይሁን። አንዱ ክር ክብ ብቻ ይሠራል፤ ሁለቱ ሁለት ቦታ ይገናኛሉ፤ ሦስተኛው አንዱን ይመርጣል። ሲኒዎቹ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ግን ወዲህ ይሁን ወዲያ አይለይም። ወርቃን በመሰለ ቦታ እዚህ ስሕተት ውስጥ መግባት ቀላል ነው፤ መልሕቅ ለመትከል የሚመቸው የመኪናው መንገድ ዳር ነዋ!

ርቀቱን ለመገመት ርካሹ መንገድ የሞገዱን ጉልበት መለካት ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። እንሰት መሐል ይህ ስሌት አይሠራም፤ ዝናብ ሲመጣ ንቅንቅ ያላለ መሣሪያ የራቀ ይመስላል።

ተመራማሪዎቹ ድራጎሽ ኒኩሌስኩና ባድሪ ናት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት ዘዴ ጉልበቱን ትቶ መልእክቱ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚተላለፍበትን ቅብብል ይቆጥራል። 120 ሜትር በተራራቁ ሁለት መልሕቆች መካከል መልእክት በ4 ቅብብል ከደረሰ፣ አንዱ ቅብብል በአማካይ 30 ሜትር ነው። ስለዚህ ከመልሕቅ 2 ቅብብል የራቀው መሣሪያ ርቀቱን 60 ሜትር ብሎ ይይዛል። መሣሪያዎቹ እኩል ከተበተኑ ያስኬዳል፤ መሐል ላይ ሸለቆ ካለ ግን ቅብብሉ ዞሮ ስለሚሄድ ርቀቱ ይጋነናል።

ዳገቱም አለ። 30 ዲግሪ ባዘነበለ መሬት ላይ የተለካ 100 ሜትር ካርታ ላይ 87 ሜትር ብቻ ነው። ለእርጥበት ልኬት ደግሞ መሣሪያው ከዳገቱ ራስ ይሁን ከግርጌው ማወቁ ከጥቂት ሜትር ስሕተት ይበልጥ ይጠቅማል። እኔ ብሆን ትንሽ የአየር ግፊት መለኪያ እጨምርበታለሁ፤ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የ1 ሄክቶፓስካል ልዩነት ወደ 10 ሜትር ሽቅብ ነው። ግፊቱ ከጧት እስከ ማታ ስለሚዋዥቅ መልሕቆቹም መለኪያው ይኑራቸው፤ የሚቆጠረው በመሣሪያውና በመልሕቁ መካከል ያለው ልዩነት ነው።