ክራንክ ሻፍትና ፒስተን እንደ አንድ ውሳኔ፦ የቬስፓ ፒኤክስ 200 ሞተር ማሻሻያ አመራረጥ

በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ፒስተኑ የፍንዳታውን ግፊት ከመቀበል በተጨማሪ እንደ ቫልቭ ያገለግላል፤ የጭስ መውጫውንና የማሸጋገሪያውን ቀዳዳዎች የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነው። የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ባቀረበው የቬስፓ ፒኤክስ ቤተሰብ ደግሞ ክራንክ ሻፍቱም ይህንኑ ተግባር ይጋራል። የክራንክ ሻፍቱ ክብ ዲስክ ጠርዝ፣ ከካርቡራተር የሚመጣው የነዳጅና የአየር ድብልቅ ወደ ክራንክ ቤቱ የሚገባበትን ቀዳዳ በየዙሩ ይከፍታል፣ ይዘጋልም። በመሆኑም በዚህ ሞተር ላይ ከሁለቱ አንዱን መቀየር የሞተሩን አተነፋፈስ መቀየር ነው። ይህ ጽሑፍ የፒኤክስ 200ን ሞተር እንደ ማሳያ በመውሰድ የክራንክ ሻፍትና የፒስተን ምርጫ በምን መሠረት ሊከናወን እንደሚገባ ያብራራል።

የይዘት ጭማሪና ዋጋው

የፒኤክስ 200 ሲሊንደር ውስጣዊ ዲያሜትር 66.5 ሚ.ሜ.፣ የምት ርዝመቱ 57 ሚ.ሜ.፣ የቤላው ርዝመት 110 ሚ.ሜ. ሲሆን ይዘቱ 198 ሲሲ ይሆናል። በተለምዶ የሚታወቁት ማሻሻያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው 68.5 ሚ.ሜ. ፒስተን ከነሲሊንደሩ መግጠም ሲሆን ይዘቱን ወደ 210 ሲሲ ያደርሰዋል። ሁለተኛው በዚያው ላይ የምት ርዝመቱ 60 ሚ.ሜ. የሆነ ክራንክ ሻፍት መጨመር ሲሆን ይዘቱ 221 ሲሲ ይደርሳል። የመጀመሪያው 6 በመቶ ያህል፣ ሁለተኛው ተጨማሪ 5 በመቶ ያህል ያስገኛል። በይዘት ብቻ ሲታዩ ተቀራራቢ ናቸው፤ በሞተሩ አካላት ላይ የሚያሳድሩት ጫና ግን የተለያየ ነው።

ፒስተኑ በላይኛው ሙት ነጥብ ላይ አቅጣጫውን ሲቀይር የሚደርስበት ፍጥንጥነት ከምቱ ርዝመት ጋር በቀጥታ፣ ከዙሩ ጋር ግን በዙሩ ስኩዌር መጠን ያድጋል። ፒስተኑ ከነፋሻውና ከነፒኑ 250 ግራም ይመዝናል ብለን ብንነሣ፣ በ57 ሚ.ሜ. ምት በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ቤላውን የሚስበው ኃይል 3,540 ኒውተን ያህል ነው። ዙሩ ወደ 8,000 ሲያድግ 6,300 ኒውተን ይሆናል። በዚያው 8,000 ዙር ምቱ ወደ 60 ሚ.ሜ. ቢረዝም ኃይሉ 6,700 ኒውተን ገደማ ይደርሳል። የዙሩ መጨመር ጫናውን 78 በመቶ ሲያሳድገው፣ የምቱ መርዘም የጨመረው ከ7 በመቶ በታች ነው ማለት ነው። ስለዚህ ክራንክ ሻፍት ከመምረጥ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ሞተሩ በምን ዙር ላይ እንደሚሠራ የሚመለከተው ነው።

ሦስቱ ሚሊሜትሮች የሚያርፉበት ቦታ

የ60 ሚ.ሜ. ክራንክ ሻፍት ፒስተኑን በላይኛው ሙት ነጥብ 1.5 ሚ.ሜ. ከፍ፣ በታችኛው ደግሞ 1.5 ሚ.ሜ. ዝቅ ያደርገዋል። በፒስተኑና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት ራሱ ከዚህ መጠን ብዙም የማይርቅ በመሆኑ ማካካሻ ሳይደረግ መግጠም ፒስተኑን ከቴስታታው ጋር ያጋጫል። ማካካሻው 1.5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ማስቀመጫ ነው። ማስቀመጫው ከሲሊንደሩ በላይ ወይም በታች ሊገባ ይችላል፤ ውጤቱ ግን አንድ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል የጭስ መውጫው ለ170 ዲግሪ፣ ማሸጋገሪያው ለ120 ዲግሪ ክፍት የሚሆንበትን ሲሊንደር እንውሰድ። ማስቀመጫው ከቴስታታው ሥር ሲገባ የጭስ መውጫው ወደ 172፣ ማሸጋገሪያው ወደ 125 ዲግሪ ያድጋሉ። ከሲሊንደሩ ግርጌ ሲገባ ግን የጭስ መውጫው 178፣ ማሸጋገሪያው ከ132 ዲግሪ በላይ ይደርሳሉ። የመጀመሪያው አገጣጠም በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ጉልበት የሚሰጠውን ጠባይ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ይገፋዋል፣ ለዚያ የተሠራ ማርሚታም ይሻል። አንድ ዓይነት ክራንክ ሻፍትና አንድ ዓይነት ፒስተን የገዙ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ቀጭን ማስቀመጫ ምክንያት ሁለት የተለያዩ ሞተሮች ይዘው ሊወጡ ይችላሉ።

በሁለቱም አገጣጠሞች የጭስ መውጫው ከማሸጋገሪያው ቀድሞ የሚከፈትበት ጊዜ ያጥራል፤ ከ25 ዲግሪ ወደ 23 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የተቃጠለው ጋዝ ግፊቱን ለማስተንፈስ የሚያገኘው ጊዜ ስለሚቀንስ፣ ብዙ ዙር ለሚጠበቅበት ሞተር የጭስ መውጫውን የላይኛ ጠርዝ በጥንቃቄ ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

የክራንክ ሻፍቱ አሠራር

ለቬስፓ የሚሸጡ ብዙ የማሻሻያ ክራንክ ሻፍቶች ዲስካቸው ከመጀመሪያው ይበልጥ የተቆረጠ ነው፤ ዓላማውም የመግቢያውን ቀዳዳ ለረዥም ጊዜ ክፍት ማቆየት ነው። መግቢያው ዘግይቶ ሲዘጋ በከፍተኛ ዙር ብዙ ድብልቅ ይገባል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ከገባው ከፊሉ ወደ ካርቡራተሩ ተመልሶ ይተፋል። ከዲስኩ የተነሣው ብረት የክራንክ ሻፍቱን ሚዛንም ያናጋል፣ የክራንክ ቤቱን ባዶ ቦታ በማስፋትም በዚያ የሚፈጠረውን የመጀመሪያ እመቃ ያላላል። ስለዚህ የተቆረጠ ዲስክ ለሁሉም ሞተር መሻሻል ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ሌላው ጉዳይ ክራንክ ሻፍቱ ከአንድ ብረት የተፈለፈለ አለመሆኑ ነው። ሁለቱ ዲስኮች በክራንክ ፒኑ ላይ በኃይል ተጨምቀው የተገጠሙ ናቸው፤ በከፍተኛ ጫና በፒኑ ዙሪያ ሊዞሩና ቀጥታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። አዲስም ቢሆን ሳይገጠም በፊት በሁለት ማዕከሎች መካከል ተይዞ በመለኪያ ሰዓት መፈተሽ ይኖርበታል፤ ልዩነቱ ከጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ካለፈ ኩሽኔታዎቹን ያደክማል፣ የዲስኩ ጠርዝ የመግቢያውን ገጽታ እንዲፍቅም ያደርጋል። ለከፍተኛ ዙር የሚታሰብ ሞተር ፒኑ የተበየደበትን ክራንክ ሻፍት መምረጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

የፒስተኑ ምርጫ

ፒስተን ሲመረጥ በቅርጽ ማፍሰሻ የተሠራና በመቀጥቀጥ የተሠራ የሚሉ ሁለት ዓይነቶች ይቀርባሉ። የተቀጠቀጠው ጠንካራ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ሲሊከን አነስተኛ ከሆነበት የአሉሚኒየም ቅይጥ ስለሚሠራ በሙቀት ይበልጥ ይሰፋል፤ ሰፋ ያለ ክፍተትና በቂ ማሟሟቂያ ጊዜም ይፈልጋል። የፈሰሰው ከፍተኛ ሲሊከን ስላለው መጠኑን የተሻለ ይጠብቃል፤ ለዕለት አገልግሎት በአብዛኛው በቂ ነው።

የሲሊንደሩ ብረትም ውሳኔው ውስጥ ይገባል። 68.5 ሚ.ሜ. የሆነ የአሉሚኒየም ፒስተን ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 0.14 ሚ.ሜ. ያህል ይሰፋል፤ የብረት ሲሊንደር ግን 0.075 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ። ልዩነቱ 0.06 ሚ.ሜ. ያህሉን ክፍተት ይበላል። ውስጡ በኒኬልና ሲሊከን ካርባይድ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ከፒስተኑ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን ስለሚሰፋ ክፍተቱ ጠበብ ሊል ይችላል።

ክብደቱም መመዘን አለበት። በ60 ሚ.ሜ. ምትና በ8,000 ዙር 30 ግራም ተጨማሪ ክብደት በቤላው ላይ 800 ኒውተን ያህል ይጨምራል፤ ክራንክ ሻፍቱ ለሌላ ክብደት ከተመጣጠነ ንዝረቱ ይበረታል። በመጨረሻም የፋሻው ጫፎች የሚያርፉበት ቦታ ከቀዳዳዎቹ መራቅ አለበት፤ ጫፉ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ፋሻው ይሰበራል።

እመቃና ከፍታ

ቴስታታው ሳይቀየር ይዘቱ ሲያድግ እመቃው አብሮ ያድጋል። የማቃጠያው ክፍል 22 ሲሲ ከሆነ የ198 ሲሲው ሞተር እመቃ 10 ለ 1 ነው፤ በ221 ሲሲ ወደ 11 ለ 1 ይወጣል። ይህ በተለይ በከፍታ ቦታ ተስተካክሎ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሞተር አሳሳቢ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚያ የተስተካከለ ካርቡራተር ዝቅ ወዳለ ስፍራ ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሲሊንደሩ የሚይዘው አየር ይበዛል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ፒስተኑ በጉዞ ላይ ከሲሊንደሩ ጋር ከተጣበቀ የኋላ ጎማው ይቆለፋል፤ ጉዳቱም በሞተሩ ሳይወሰን ለአሽከርካሪው ይተርፋል።

ማጠቃለያ

ለከተማ የዕለት አገልግሎት 57 ሚ.ሜ. ምቱን ጠብቆ፣ ዲስኩ ብዙ ያልተቆረጠ ክራንክ ሻፍትና የፈሰሰ 68.5 ሚ.ሜ. ፒስተን መምረጥ ሚዛናዊ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ሞተር 60 ሚ.ሜ. ክራንክ ሻፍት ከቴስታታው ሥር ከሚገባ ማስቀመጫ ጋር ይስማማል። ለከፍተኛ ዙር ፒኑ የተበየደ ክራንክ ሻፍት፣ ቀላልና ጠንካራ ፒስተን፣ እንዲሁም ተስማሚ ማርሚታ በአንድነት ያስፈልጋሉ። በሦስቱም ሁኔታዎች ሞተሩ ከመዘጋቱ በፊት የቀዳዳዎቹን ዲግሪ፣ የቴስታታውን ክፍተትና የክራንክ ሻፍቱን ቀጥታ መለካት ከማንኛውም ውድ መለዋወጫ ይቀድማል።