ፖቶማክን የማይሻገር ፈቃድ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራ ለመግዛት ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆመች እናት ስልኳን ዘግታ ለባለሱቋ «ከቨርጂኒያ ስለወጣሽ ከዚህ በኋላ ላይሽ አልችልም አለችኝ» ስትል ሰማሁ። የምታወራው ስለ ቴራፒስቷ ነበር። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ መሆኑን አብዛኞቻችን እናውቃለን። ሕጉ የሚመለከተው ግን ታካሚው በዚያች ሰዓት ያለበትን ቦታም ጭምር ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የተቀመጠች አማካሪ ሜሪላንድ ያለችን ሴት በቪዲዮ ለማማከር የሜሪላንድ ፈቃድ ያስፈልጋታል።

ሥልጣኑ ሥር የሰደደ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 የዌስት ቨርጂኒያን የሐኪሞች ፈቃድ ሕግ አጸና፤ ክፍለ ግዛት ሕዝቡን ከአላዋቂ ሐኪም የመጠበቅ መብት አለው ብሎ። ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ኮነቲከት በ1945 ቀድማ ሕግ ስታወጣ፣ ሚዙሪ በ1977 የመጨረሻዋ ሆነች። ለአማካሪዎች ደግሞ ቨርጂኒያ በ1976 ጀመረች፤ ካሊፎርኒያ እስከ 2009 ቆየች። ሁሉም በየራሱ ጊዜ በየራሱ መንገድ ስለደነገገ መስፈርቱም ማዕረጉም ተለያየ። ቨርጂኒያ ከማስተርስ ዲግሪ በኋላ 3,400 ሰዓት በተቆጣጣሪ ሥር መሥራትን ትጠይቃለች፤ ከዚህ 2,000ው ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት የሚያሳልፉት ነው። ፈተናው ሌላ ነው።

ይህን መንገድ የጨረሰች፣ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ነርስ የነበረች አማካሪ እንዲህ አለችኝ፦ «ሌሊት አረጋውያን ስንከባከብ አድራለሁ፣ ቀን ሰዓቴን እሞላለሁ። እሱ አልከበደኝም። ሰው የልቡን የሚሰጠው ባለሙያ ተፈትኖ መግባት አለበት። የከበደኝ ፈቃዱን ካገኘሁ በኋላ ያለው ነው። አንዷ ታካሚዬ ከሜሪላንድ የፖቶማክ ወንዝን ድልድይ በመኪና ተሻግራ፣ ቨርጂኒያ በኩል ፓርኪንግ ውስጥ ቆማ ነው በስልክ የምታወራኝ። ለማልቀስ ድልድይ ትሻገራለች! እዚያው ሰፈርሽ በአስተርጓሚ ሞክሪ ብላት ‹አስተርጓሚው የእድራችን ሰው ቢሆንስ?› አለችኝ። ምን ልመልስላት?»

በአማርኛ የሚያገለግሉ ባለፈቃዶች ስንት እንደሆኑ የጠየቅኳቸው አንድ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ ኃላፊ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ወደ ድረ ገጻቸው መሩኝ።

መፍትሔው ተጀምሯል። ሳይፓክት የተባለው ስምምነት የሥነ ልቦና ዶክተሮች ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ በአባል ግዛቶች በቪዲዮ እንዲያክሙ መንገድ ከፍቷል። ለአማካሪዎች የተዘጋጀውን ተመሳሳይ ስምምነት ጆርጂያና ሜሪላንድ በ2021 ቀድመው አጸደቁ፤ ቨርጂኒያም ተከተለች። ከመጽደቁ እስከ ሥራ መጀመሩ ግን ዓመታት ነጎዱ፤ በዚህ መሃል ሕክምናው ተቋርጦበት የቀረው ሰው ብዙ ነው።

ፈቃድ ይቅር የሚል አላገኘሁም፤ እኔም አልልም። ግን ፈቃድ የወጣው ለታካሚው ደኅንነት ከሆነ፣ ቤት የቀየረ ታካሚ ሌላ ባለሙያ እስኪያገኝ ከነበረችው ጋር እንዲቀጥል ሕጉ በግልጽ ይፍቀድ። ቦርዶቹም ባለሙያዎቻቸውን በሚናገሩት ቋንቋ መዝግበው ለሕዝብ ያሳውቁ። ለዚህ አዲስ ስምምነት መጠበቅ አያስፈልግም።