ተጨማሪ መረጃ፦ የዛገ ብሎን ለምን አልፈታም ይላል?

ዝገት ከበላው ብረት ከ2 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን ያጣብቃል። የድሮ ቮልስዋገን ቢትል ማርሚታ የሚፈታ መካኒክ ጉልበቱን ከመሞከሩ በፊት ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶም ያሳድረዋል። በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ዝገቱን ይሰነጣጥቅና ለዘይቱ መግቢያ ይከፍታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበረታው ሙቀት ነው። የ8 ሚሊሜትር ዳዶ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ቀዳዳው በ0.03 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ኢምንት ብትመስልም ብዙ ጊዜ የዝገቱን ትስስር ለመስበር ትበቃለች። መጋል ያለበት ግን ዳዶው ነው፤ ብሎኑም እኩል ከጋለ አብሮ ስለሚሰፋ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። እሳት ከመለኮሱ በፊት የተረጨው ዘይት ይጠረጋል። በነዳጅ መስመር አጠገብ እሳት ፈጽሞ አይሞከርም፤ የቢትል ሞተር ዋና አካልም ተቀጣጣይ ከሆነው የማግኒዚየም ቅይጥ ስለተሠራ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ሲፈታም እጅ ማዳመጥ አለበት። ሲጢጥ ብሎ ከተንቀሳቀሰ መልካም ነው፤ ሩብ ዙር ፈትቶ፣ ጥቂት መልሶ አጥብቆ፣ ዘይት ጨምሮ መቀጠል ነው። ሳይላቀቅ እንደ ላስቲክ ከተለመጠ ግን ብሎኑ ሊበጠስ ነውና ወዲያው ቁልፉን አቁሞ እንደገና ማሞቅ ይሻላል።