«እማዬ የታመመችው እኔ ስለማስቸግራት ነው?»

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እናቱ መድኃኒት ልትቀበል ስትሄድ እኔ ክፍል ቀርቶ ይሄን ጠየቀኝ። (እናቱ እንድጽፍ ፈቅዳለች፤ እንዳይታወቁም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።)

እናቱ ባይፖላር አለባት። ስሜት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከልክ በላይ የሚነሳበት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሚወድቅበት ሕመም ነው። በመሃል ሰውየው ደህና ነው፤ ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል። ልጁ ሲነግረኝ፦ «ሌሊት ቀስቅሳኝ ዶሮ እንሥራ አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እኮ ሁዳዴ ነበር!» ከዚያ ደግሞ ወር ሙሉ ከአልጋ አልተነሳችም። እሱ ታዲያ ጥፋቱን ራሱ ላይ አደረገው።

ቡታጅራ ላይ ከ68,000 በላይ ሰዎች በታዩበት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ባይፖላር እንዳለባቸው ተገምቷል። ስለዚህ በየሰፈራችን አለ፤ ይደበቃል እንጂ። እኛ ጋ «አማኑኤል» ማለት ወደ ደምበጫ ስትሄዱ የምታገኟት ከተማ ናት፤ ሰው ግን ስሙን ለስድብ ይጠቀምበታል። እናትየዋም ሕመሟን ከልጇ የደበቀችው ይሄን ፈርታ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም «እንቅልፍሽ እንዴት ነው? መድኃኒቱን ወሰድሽ?» እላለሁ እንጂ «ሲብስብሽ ልጁን ማን ይይዘዋል?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

እንቅልፍ ግን ቀልድ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ በተለይ አራስነት አደገኛ ወቅት ነው። ገንፎ ይዛችሁ የምትመጡ ዘመዶች፣ ገንፎው ጥሩ ነው፤ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ እናቱን ማስተኛት ግን ይበልጣል።

ማርገዝ የምታስቡ፣ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የፅንሱን አንጎልና የጀርባ አጥንት ሊጎዳ ይችላል። አርግዛችሁ ከሆነም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ቶሎ ኑና አብረን እንቀይረዋለን። ጸበል የምትሄዱም መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

«ልጄስ ይወርሰዋል?» ትሉኛላችሁ። ከወላጅ አንዱ ባይፖላር ካለበት የልጁ ዕድል ከሌላው ልጅ ከፍ ይላል፤ ሆኖም ከ10 ልጆች 9 ያህሉ አይያዙም።

ለልጁ ምን ይባላል? እናቱ ስትመለስ አብረን ነገርነው፦ «ሕመሙ ባይፖላር ይባላል። አንተ አላመጣኸውም። ማዳንም የአንተ ሥራ አይደለም። እማዬ ሌሊት ሌሊት መተኛት ካቆመች ለአክስትህ ደውል።» ይሄ ንግግር እናት ወይም አባት ደህና በሆኑበት ጊዜ ነው መደረግ ያለበት፤ ሲታመሙማ ማን ይስማማል? መድኃኒቱ የት እንዳለ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርስም ያኔውኑ ተነጋገሩ።

የአክስቱን ስልክ እናቱ እየነገረችኝ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍኩለት። አንድ ቁጥር ተሳስቼ ኖሮ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ አረመችው።