በጎልማሳነት ዕድሜ ፈረስ መጋለብን ስለ መማርና ስለ ዕቃው ንግድ

በአዊ አገር ያለ ፈረስ የሚፈጸም ትልቅ ጉዳይ ጥቂት ነው። ሙሽራው በፈረሰኞች ይታጀባል፤ የተከበረ ሰው ሲሞት ፈረሰኞች ለለቅሶው ይወጣሉ፤ ጥር 23 ቀን በደረሰ ጊዜም ከየወረዳው የመጡ ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰብስበው በሽምጥ ግልቢያና በጉግስ ችሎታቸውን ያሳያሉ። በአዘናም ሆነ በሌሎቹ የአዊ ከተሞች ሱቅ ከፍቶ ወይም እህል ሰብስቦ የሚነግደው ሰው ግን በዚህ በዓል ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተመልካቹ ወገን ነው። በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት፣ በወጣትነቱም ወደ ገበያ ስለ ሄደ የፈረስ ጀርባ ሳይለምድ ቀርቷል። ዛሬ ፈረስ የሚገዛበት ገንዘብ ቢኖረው እንኳ የሚማርበት ዕድሜ ያለፈበት ስለሚመስለው ምኞቱን በልቡ ይዞ ይኖራል።

ይህ አስተሳሰብ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያመጣል። አንዱ ሰው ጊዜው አልፎብኛል ብሎ ከነጭራሹ አይሞክርም። ሌላው ደግሞ በጎልማሳነቱ ተማሪ መባልን ስለሚያፍር ማንንም ሳይጠይቅ በበዓሉ ቀን በተዋሰው ፈረስ ላይ ይወጣና በሕዝብ ፊት ይወድቃል። የመጀመሪያው የሚጎዳው ደስታውን ነው፤ ሁለተኛው ግን አጥንቱን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ነው። ጎልማሳ ሰው መማር እንደሚችል፣ ነገር ግን መማር ያለበት በሥርዓት መሆኑን ማወቅ ከሁለቱም ጉዳት ያድናል። የፈረስ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለው ድርሻ ከሚገምተው በላይ ነው።

ማኅበሩና የልጅነት ትምህርት

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓላማው ፈረስ በዓድዋ ዘመቻና ከዚያም በኋላ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ለአርበኛው የዋለውን ውለታ ለማሰብ ነው። የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ሲሆን፣ የማኅበሩም በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዚሁ ሰማዕት ወርኃዊ መታሰቢያ ይውላል። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ በነበረበት አገር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻም አባ ነፍሶ በተባሉበት አገር፣ እንዲህ ያለ ማኅበር መቋቋሙና በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ አባላትን ማፍራቱ አያስደንቅም። ማኅበሩ በደስታና በኀዘን ከመገኘቱም በላይ የተጣላውን በማስታረቅ የታወቀ ነው።

በገጠር የሚያድግ ልጅ ፈረስ መጋለብን የሚማረው መምህር ተቀጥሮለት አይደለም። ፈረሱን ወደ ግጦሽና ወደ ውኃ ሲወስድ ያለ ኮርቻ ይወጣበታል፤ ይወድቃል፤ ተነሥቶ እንደገና ይወጣል። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ሲወድቅ ብዙ አይጎዳም፤ ልጅ በመሆኑም የሚስቅበት የለም። ስንት ሰዓት እንደተለማመደ ሳይቆጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰውነቱ የፈረሱን እርምጃ ይለምዳል። ጎልማሳው እነዚህ ዕድሎች የሉትም። አጥንቱ ቢሰበር የሚጠገነው ዘግይቶ ነው፤ ቤተ ሰብና ሥራም ይጠብቁታል፤ ስለዚህ ይፈራል። በአንጻሩ ልጁ የሌለው ሀብት አለው፤ የተነገረውን ያስተውላል፤ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ለራሱ የቀጠረውን ቀጠሮ ያከብራል። ሃያ ዓመት ሒሳብ ሲይዝ የኖረ ነጋዴ ትዕግሥትና ጥንቃቄ አዲስ ነገር አይሆኑበትም።

ሁለት የቶኪዮ ተወዳዳሪዎች

በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ላይ፣ በኋላ ዘመናቸው አዲስ ሙያ የተማሩ ሁለት ሰዎች ተወዳድረው ነበር። አንደኛው ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው የእኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ለመራመድ የማይችሉ ሆኑ። በእግሩ ሁለት ጊዜ ዓለምን የቀደመ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይም ተካፈለ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄዶ፣ በበረዶ ላይ ውሾች በሚስቡት መንሸራተቻ በተደረገው ሩጫ ሌሎቹን ቀድሞ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 38 ዓመት ነበር። በበረዶ ላይ መንሸራተት ባልተለመደበት አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ማድረጉ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛው ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ ነው። በቶኪዮ በፈረስ ዝላይ ሲወዳደር ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ በንግድ ኩባንያ ተቀጥሮ ከፍ ወዳለ የኃላፊነት ደረጃ የደረሰ ሲሆን ፈረሱን ግን አልተወም። የዓይኑ ኃይል እየደከመ መሰናክል መዝለል ባስቸገረው ጊዜ ፈረስን በለዘበ ትእዛዝ የማስኬድ ጥበብ ወደሆነው ወደ ድሬሳዥ ተዛወረና እንደገና ተማሪ ሆነ። ከሥራ ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ67 ዓመቱ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን በ71 ዓመቱ ለኦሊምፒክ ቀረበ።

በጎልማሳነት መማር ለታዋቂ ሰዎች ብቻ የተፈቀደ አይደለም። በቀጭን ብረት ላይ በተሠራ ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መዝለልንና መሽከርከርን የሚጠይቀው ስፖርት ከሕፃንነት ካልተጀመረ የማይሆን ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ አሜሪካውያን በ1987 ዓ.ም. ለጎልማሶች ብቻ የሚሆን አገር አቀፍ ውድድር አቋቋሙ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም በጀርመን አገር በኦበርስትዶርፍ ከ28 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ ውድድር ሲደረግ ቆይቷል። በዚያ የሚሰለፉት የቢሮ ሠራተኞች፣ ሐኪሞች፣ መምህራንና ነጋዴዎች ናቸው። እነዚህ ጎልማሶች በመጀመሪያ የሚማሩት መዝለልን አይደለም፤ ጉልበትን አጥፎ በጎን መውደቅንና ያለ ጉዳት መነሣትን ነው። መውደቅን የተማረ ሰው ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ፍርሃቱ የቀነሰም ሰው ሰውነቱን አያደርቅም፤ ሰውነቱን ያላደረቀም በቀላሉ አይወድቅም። ይህ ትምህርት ለፈረሰኛውም የሚሠራ ነው።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

ጎልማሳው ተማሪ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የሚያስተምረው ልምድ ያለው ፈረሰኛና ዕድሜው የበሰለ ጭምት ፈረስ ናቸው። ለበዓል የሚያምረው እሳት የላሰ ወጣት ፈረስ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። የጀርባ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበትም ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ትምህርት በምድር ላይ ነው። ፈረስ ከአፍንጫው ፊት ለፊትና ከጅራቱ ኋላ ያለውን ለማየት ስለሚቸገር፣ በትከሻው በኩል ድምፅ እያሰሙ መቅረብ ይገባል። ተማሪው ፈረሱን ማሰር፣ መሳብ፣ ማጽዳትና መጫን በዚህ ጊዜ ይለምዳል። ከዚያም መምህሩ ፈረሱን በረዥም ገመድ ይዞ በክብ ሲያስኬደው፣ ተማሪው ዛብ ሳይጨብጥ በኮርቻው ላይ ይቀመጣል። ይህ እንደ ልጅ ጨዋታ የሚቆጠር አይደለም፤ በቪዬና ከተማ ባለው በታወቀው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤት የሚገቡ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በገመድ በተያዘ ፈረስ ላይ ያለ ዛብና ያለ እርካብ ነው። ምክንያቱም ሚዛኑን ያልጠበቀ ሰው ዛብ ከጨበጠ በዛቡ ይንጠለጠላል። በአገራችን የተለመደው ልጓም ጠንካራ ስለሆነም የፈረሱን አፍ ያሳምመዋል፤ የታመመውም ፈረስ በኋላ እግሩ ይቆማል ወይም ይበረግጋል።

በአቀማመጥ ረገድ ዓይን ወደ ፊት እንጂ ወደ ፈረሱ አንገት አይመለከትም፤ ተረከዝ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጉልበት አጥብቆ አይቆነጥጥም። ተማሪው በዝግታ እርምጃ ማስኬድን፣ ማዞርንና ማቆምን በሚገባ ሳያውቅ ወደ ሶምሶማ፣ ሶምሶማውንም ሳይለምድ ወደ ግልቢያ ማለፍ የለበትም። ጉግስማ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። የልምምዱ ጊዜ አጭርና የማይቋረጥ ቢሆን ይመረጣል፤ እሑድን ሙሉ ቀን ከመጋለብ ይልቅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት መለማመድ ብዙ ይጠቅማል። ወድቆ ራሱን የተመታ ሰው ግን ደኅና ነኝ ቢልም እንኳ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስለ ዕቃውና ስለ ሻጩ ኃላፊነት

የፈረስ ዕቃ ንግድ ከጌጡ ይልቅ በማይታየው ክፍል ይመዘናል። ገዢው የግላሱን ቀለምና የኮርቻውን ጥልፍ ያደንቃል፤ ሕይወቱን ይዞ የሚውለው ግን በፈረሱ ሆድ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ነው። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ስፌቱ የላላ ጠፍር በሩጫ መካከል ከተበጠሰ ኮርቻውና ሰውየው አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሻጩ ጠፍሩን በገዢው ፊት አጥፎና ስቦ ቢያሳይ፣ ጥቂት ከተጓዙ በኋላም ስለሚላላ እንደገና መጥበቅ እንዳለበት ቢነግረው መልካም ነው።

እርካብ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድሮው ልማድ ባዶ እግሩን የሚጋልበው ፈረሰኛ በትንሿ እርካብ ውስጥ የሚያስገባው የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ነበር፤ ቢወድቅ ጣቱ ወዲያው ይላቀቃል። ጫማ የለመደው የከተማ ሰው ግን በጠባብ እርካብ ጫማውን በግድ ቢያስገባ በወደቀ ጊዜ እግሩ ተይዞ ፈረሱ ይጎትተዋል። ከፈረስ አደጋ ሁሉ እጅግ የሚያስፈራው ይህ ነው። እንግዲህ እርካቡ ከጫማው ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ሰፋ ያለ መሆን አለበት። ጫማውም ከሥሩ ልስልስ ሆኖ ትንሽ ተረከዝ ያለው ሊሆን ይገባል፤ ተረከዝ የሌለው የስፖርት ጫማ በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። እርካብ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛው በሚጋልብበት ጫማ መጥቶ እንዲለካ ቢጠይቀው ሽያጩ አይቀንስበትም።

ኮርቻም እንደዚሁ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፈረሱም መለካት አለበት። በአከርካሪው ላይ የሚያርፍ ኮርቻ ያቆስላል፤ የቆሰለ ፈረስ ደግሞ ጀማሪውን መጣሉ አይቀርም፤ በገበያም ዋጋው ይወድቃል። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ለፈረሰኛ ተብሎ የተሠራውን የራስ ቁር ቢያስቡበት ይገባል፤ ቁሩ በራስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንደሚቀንስ በየአገሩ የተረጋገጠ ነው። ብርቱ ምት ያገኘው ቁር ግን ከውጭ ደኅና ቢመስልም ከውስጥ ስለሚጎዳ ተወልውሎ እንደ አዲስ ሊሸጥ አይገባውም።

ኢትዮጵያ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚዋ ናት። ቆዳም፣ ቆዳ የሚሠራ እጅም አላት። ኮርቻ ሠሪውና ጠፍር ሠሪው በተማሪው ፍላጎት ሥራቸውን ቢያሻሽሉ፣ ነጋዴውም የጥር በዓል ከመድረሱ ከወራት በፊት ትእዛዙን ቢሰጣቸው፣ በበዓሉ ዋዜማ በጥድፊያ የተሰፋ ዕቃ ወደ ገበያ አይወጣም ነበር። ተማሪውም ልምምዱን ሊጀምር የሚገባው በታኅሣሥ መጨረሻ አይደለም፤ በጥቅምት ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር የጀመረ ሰው እንኳ በመጀመሪያው ዓመት በዝግታ እርምጃ ከሰልፉ ኋላ ቢሄድ ይበቃዋል።

አበው «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» ይላሉ። በአዊ ምድር ፈረሱም ሜዳውም የሚያስተምረው ሰውም አለ። የቀረው፣ ጎልማሳው ለግማሽ ሰዓት ተማሪ ለመሆን መፍቀዱና ሻጩ ለራሱ ልጅ የማይሰጠውን ጠፍር ለደንበኛው አለመስጠቱ ነው።